አልማዙ ሥር የሚሆነው

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እማማስ ደህና ናቸው? በጣም ጠፋፋን እኮ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያው ከብረት ጋር ነኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ሆዴ አልችል ያለው ነገር ነው። ይህን የምነግረው ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።

የሆልና የፔች ሕግ ትዝ ይልሃል አይደል? ብረት የተገነባባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ባነሱ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል። ብረት ቅርፁን የሚለውጠው ዲስሎኬሽን፣ ማለትም በአተሞቹ አሰላለፍ ውስጥ ያለ የመስመር ጉድለት፣ ሲንሸራተት ነው፤ ሊንሸራተት ሲል ግን የክሪስታሎቹ ድንበር ያግደዋል። ድንበር ሲበዛ እገዳው ይበዛል። የክሪስታሎቹ መጠን ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) አካባቢ ሲደርስ ግን ሕጉ መሥራቱን ያቆማል። እዚያ ጥበት ውስጥ ዲስሎኬሽን መከማቻ ያጣል፤ ድንበሮቹ ራሳቸው መንሸራተት ይጀምራሉ።

ይሄ እንኳን ብዙ ተብሎለታል። እንቅልፍ የነሳኝ መለኪያው ነው። ናኖ ብረት፣ ማለትም ክሪስታሎቹ በናኖሜትር የሚለኩት ብረት፣ የሚሠራው በትንሽ በትንሹ ስለሆነ ጎትቶ መፈተን ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ሹል አልማዝ ይጫንበትና ከሚተወው ጉድጓድ ጥንካሬው ይሰላል። እኛም የምናውቀው ይህንኑ ነው።

ታዲያ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ እነ ጁሊያ ዊርትማን ናኖ መዳብ ላይ አልማዙን ጭነው ትንሽ አቆዩት። ከሥሩ ያሉት ክሪስታሎች አደጉ! ትልልቆቹ ጎረቤቶቻቸውን ዋጡ፤ መዳቡም ለሰለሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ደግሞ ይብሳል። ያንኑ ሙከራ በከባድ ቅዝቃዜ ሲደግሙት እድገቱ ጭራሽ ፈጠነ። አስበው እስቲ፤ ክሪስታል የሚያድገው ሲሞቅ ነው ተብለን አይደል የተማርነው? እዚህ ግን ድንበሮቹን የገፋቸው ሙቀት ሳይሆን የአልማዙ ጫና ነው። የመዳቡ ንጽሕናም ቁም ነገር አለው፤ ድንበር ላይ የተሰገሰገ ባዕድ አተም ድንበሩን ቀስፎ ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ የምንለካው ብረት በምንለካበት ሰዓት እየተለወጠ ነው ማለት ነው። አልማዙ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ያልተጻፈበት የናኖ ብረት ጥንካሬ ቁጥር ለእኔ ግማሽ መረጃ ነው። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

አንተ ጋ ኒኬል የሚለበጡ ዕቃዎች ትፈትናላችሁ አይደል? ጭነቱን ስንት ሰከንድ ነው የምታቆዩት? ከቻልክ አንዱን ናሙና በአጭርና በረጅም ቆይታ ለካውና ሁለቱንም ቁጥር ላክልኝ። ክሪስታሎቹ ደቃቅ ከሆኑ ልዩነት እጠብቃለሁ፤ ከሌለም ማወቅ እፈልጋለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ