የእሁዱ ስብሰባ፦ ኮሚቴያችንን በምን ዘዴ እንምረጥ?

የእድራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በእድሩ ቤት እንሰበሰባለን። ጉዳዩ አንድ ነው፦ አዲሱን ኮሚቴ በምን ዘዴ እንምረጥ?

ያለፈውን ታስታውሳላችሁ። 90 ሰው መረጠ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተሰመረው ሲቆጠር 34፣ 30 እና 26 ሆነ። ባለ 34ቱ ሰብሳቢ ሆኑ፤ 56 ሰው ግን ሌላ ነበር የፈለገው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የዘዴው ነው። የአገራችን ምርጫም እንዲሁ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፣ ግማሽ ባይሞላም።

እኔ ለሰብሳቢነት የአውስትራሊያው ይሻለናል ባይ ነኝ። መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በደረጃ ይጽፋል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና ድምፁ ወደ መራጮቹ 2ኛ ምርጫ ይዞራል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ለፓርቲዎች በድምፃቸው ልክ ወንበር ትሰጣለች። እኛ ፓርቲ የለንም (ተመስገን!)፣ እሱ ይቅርብን።

እስክሪብቶ ያዙ፤ በወረቀት እንሞክረዋለን። ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይምጡ። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ጻፉልን።