ፓምፓችሁ ሲጮህ፣ ከመቀየራችሁ በፊት

ለውድ ደንበኞቻችን
ጎንደር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን አንድ ጉዳይ ነው። ወደ ሱቃችን ከሚደወሉት ስልኮች ብዙዎቹ «የውሃ ፓምፑ ይጮኻል፣ አዲስ አምጡልኝ» የሚሉ ናቸው። አዲስ ፓምፕ ብንሸጥ ለእኛ ገቢ ነው። ግን እየዞርን እንዳየነው፣ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ፓምፑ አይደለም። ግድግዳው ነው። ቧንቧው ነው። ወይም ሳይታወቅ የገባ አየር ነው። እነዚህ ባሉበት አዲስ ፓምፕ ቢተከል አዲሱም ይጮኻል።

ይህ በራሳችን ሥራ ላይ ደርሷል። ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ፓምፑ እንቅልፍ ነሳኝ አሉን። ሄድን፣ ሰማን፣ «አርጅቷል» ብለን ቀየርንላቸው። በሳምንቱ ደወሉ። «ልጄ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል» አሉን። ተመልሰን ስናየው እውነታቸውን ነው። ፓምፑ የታሰረው የመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ነበር። እማማን ይቅርታ ጠየቅን፣ ፓምፑን አንስተን ውጭ ወለል ላይ ጎማ አንጥፈን አስቀመጥነው፣ ድምፁ ጠፋ። አሮጌው ፓምፕ ምንም አልነበረውም። አሮጌውን ተረክበን ዋጋውን ከፈልናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳናዳምጥ ፓምፕ አንቀይርም።

ማዳመጥን በደንብ ያስተማረን ግን የቤት ፓምፕ ሳይሆን መኪና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄዱ እንግዶች ውስጡ ቤት የሆነ መኪና ይዘው መጡ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያም አለው። ውሃውን የሚገፋው ከአልጋው ሥር የተቀመጠ፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። አንዱ ሌሊት ተነስቶ እጁን ሲታጠብ ሌላው ከእንቅልፉ ይባንናል። አዲስ ፓምፕ ፈልጉልን አሉን። ጎንደር ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ፓምፕ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ያለውን ማየት ግድ ሆነ።

ከእኛ ልጆች አንዱ ፓምፑን ከቀጭኑ ጣውላ ላይ የያዙትን አራት ቪቶች በካቻቢቴ ፈታ። ቱቦዎቹ እንደተገጠሙ ፓምፑን በመዳፉ ያዘውና «አሁን ቧንቧውን ክፈቱ» አለ። ተከፈተ። ሁላችንም ዝም አልን። ድምፁ ንብ ጆሮ አጠገብ ስታልፍ የሚሰማውን ያህል ሆነ። መልሶ ጣውላው ላይ ሲያስነካው መኪናው በሙሉ ጮኸ። ሲያነሳው ዝም። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመው። ባለመኪናዎቹም ሣቁ።

ማሲንቆ ለሚያውቅ ጎንደሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የፈረሱ ጭራ ብቻውን እንጨት ላይ ቢወጠር ድምፁ ከአጠገብህ ሰው አያልፍም። ቤቱን የሚሞላው ቆዳ የለበሰው ሳጥን ነው። የዚያ መኪና ጣውላ ቆዳው ነበር። የእማማ መኝታ ቤት ግድግዳም እንደዚያው።

ቪቶቹ ሥር የነበሩትን የጎማ እግሮች ስናይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን። የተከለው ሰው በደንብ ይያዝ ብሎ እስከ መጨረሻው አጥብቋቸዋል። ጎማዎቹ እንደ ሳንቲም ተጨፍልቀዋል። የተጨፈለቀ ጎማ ንዝረት አይውጥም፣ እንደ ብረት ያስተላልፋል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ አዲስ እግር ቆርጠን አበጀንለት። ቪቶቹን ፓምፑ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ አሰርናቸው። ከፓምፑ የሚወጣው ደረቅ ቧንቧ የቁም ሳጥኑን ጣውላ እየነካ ስለሚያልፍ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሜትር በለስላሳ ቱቦ ቀየርነው። ቱቦውንም ሳንወጥር አንድ ዙር አጠፍነው። ለዚህ ሁሉ ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ፈጀ። ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ አሳሰብናቸው፤ ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊት ይበርዳል፣ ከመተኛታችሁ በፊት የፓምፑን ውሃ አውጡ ብለን።

አሁን ወደ እናንተ ቤት እንምጣ። የቤታችሁን ፓምፕ እንደዚያ ልጅ በእጅ መያዝ ፈጽሞ አይሞከርም! ያኛው 12 ቮልት ነው፣ የእናንተ 220 ነው፣ ዙሪያውም እርጥብ ነው። ፈተናውን ግን በሌላ መንገድ መሥራት ይቻላል። ኃይሉን ከብሬከሩ አጥፉ። ወለሉ ላይ የያዙትን ቡሎኖች ፍቱ። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ቁራጭ ወይም የታጠፈ የእግር ምንጣፍ አስገቡ። እጃችሁን አንሱና አብሩት። ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ ችግሩ አተካከሉ ነው፣ ለአዲስ ፓምፕ ገንዘብ አታውጡ። ቡሎን መፍታት የሚከብዳችሁ ካላችሁ እኛን ጥሩን።

አተካከሉ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ፓምፑ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ ይቀመጥ። ከተቻለ ከባድ ብሎኬት ወይም የኮንክሪት ድፍን ላይ ይታሰር፣ ድፍኑ ደግሞ ጎማ ላይ ይረፍ። ክብደቱ ንዝረቱን ይይዘዋል፣ ጎማው ወደ ወለሉ እንዳይወርድ ያደርጋል። በመግቢያውም በመውጫውም ላይ ግማሽ ሜትር የሚሆን ተጣጣፊ ቱቦ ይግባ። በመግቢያው በኩል ሲሳብ የማይጣበቅ፣ ውስጡ ሽቦ ያለው ይሁን። ቧንቧ ግድግዳ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ በሲሚንቶ ከተደፈነ ግድግዳውን ያናግራል። ቀዳዳውን አስፍታችሁ በፎም ወይም በጎማ ሙሉት።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። ድምፅ ለማፈን ብላችሁ ፓምፑን በብርድ ልብስ ወይም በፍራሽ አትጠቅልሉት። ይህን ያገኘነው አንድ ሁለት ቤት አይደለም። ሞተሩ ከኋላው ባለው ማራገቢያ አየር እየሳበ ነው ራሱን የሚያቀዘቅዘው። ሲታፈን ይግላል፣ ሽቦው ይቃጠላል። ከዚያ በእርግጥ አዲስ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። መሸፈን ከፈለጋችሁ በሁለት ወገን አየር የሚያስገባ ሳጥን ሥሩለት።

ጎማ ተደርጎለትም ድምፁ ካልቀነሰ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ለዩ። ረጅም ካቻቢቴ ካላችሁ ጫፉን ፓምፑ ገላ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ሥር አድርጉ። ጋራዥ ውስጥ መካኒኮች ሲያደርጉት አይታችሁ ይሆናል። ማራገቢያውን፣ ሽቦውንና የሽቦ ማገናኛውን ብቻ እንዳትነኩ።

ውስጡ ጠጠር የሚንከባለል ከመሰላችሁ፣ ፓምፑ ውሃ አልደረሰውም ወይም አየር እየሳበ ነው። ይህ ለጎንደር ሰው ከሌላው የበለጠ ሊገባው የሚገባ ነገር ስለሆነ ትንሽ እናብራራ።

ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስብ ይመስለናል። በእውነቱ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየሩ ክብደት ነው፤ ፓምፑ ቦታ ብቻ ይለቅለታል። በባሕር ጠረፍ አካባቢ አየሩ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊገፋ ይችላል። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም በወረቀት ላይ። የቧንቧው እጥፋትና የፓምፑ ድካም ሲቀነስ ገና ይወርዳል። እኛ ከ5 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ወይም የመሬት ውስጥ ገንዳ ላይ ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ አንተክልም። የፓምፑ ካርቶን ላይ 8 ወይም 9 ሜትር ይስባል ተብሎ ቢጻፍም የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው።

በዚሁ ምክንያት እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሽንብራ ሳይበስል የሚቆየው ለዚህ ነው። ፓምፑ ከአቅሙ በላይ ሲስብ ደግሞ ውስጡ ያለው ግፊት በጣም ስለሚወርድ ቀዝቃዛው ውሃ ራሱ አረፋ ያወጣል። አረፋው ወዲያው ተጨፍልቆ ይፈነዳል። የጠጠሩ ድምፅ እሱ ነው። ጆሮ ማስቸገሩ ብቻ አይደለም፣ የፓምፑን ብረት እየቦረቦረ ይበላዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የመሳቢያውን መስመር ተመልከቱ። ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆን? ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ጭቃው ሮቶ ውስጥ ይዘቅጣል። መውጫው ከሮቶው ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት አለበት። የፓምፑ መግቢያ አንድ ኢንች ከሆነ ቧንቧውም ከአንድ ኢንች አይነስ። በግማሽ ኢንች የሚስብ ፓምፕ በገለባ አጃ እንደሚጠጣ ሰው ነው። ሳራቺኔስካው (የመስመሩ መዝጊያ) እስከ መጨረሻው መከፈቱንም አረጋግጡ፣ በግማሽ ተዘግቶ ለወራት የቆየ አግኝተን እናውቃለን።

አየር የሚገባበትን መገጣጠሚያ ለማግኘት ሳሙና በትንሽ ውሃ እንደ ሊጥ አወፍሩና ፓምፑ እየሠራ ከሮቶው እስከ ፓምፑ ያሉትን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ቀቡ። በቀባችሁበት ቅጽበት ድምፁ ከለሰለሰ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቴፍሎኑን አንስታችሁ እንደገና ጠምጥሙት። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የፊልትሮው ክዳን ጎማ ነው፣ ታጥቦ ሲመለስ ጠምሞ ይቀመጣል።

ከመንገድ የውሃ መስመር ላይ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ፣ ውሃው በፈረቃ ሲሄድ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ያለ ውሃ ሲሽከረከርም ውስጡ ይቃጠላል። ጎረቤትም ይጎዳል። መጀመሪያ ወደ ሮቶ ይግባ፣ ከሮቶ ይሳብ።

ሌላው ብዙዎቻችሁ የምትነግሩን «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው ነው። ቧንቧው በትንሹ ተከፍቶ ፓምፑ በየሰከንዱ ይነሳል፣ ይጠፋል። ይህ የግፊት ገንዳው ጉዳይ ነው። ቀዩ ወይም ሰማያዊው ድብልብል ገንዳ ውስጥ የጎማ ከረጢት አለ፣ ከረጢቱ ውሃ ይይዛል፣ ዙሪያው አየር ነው። አየሩ ሲያልቅ ገንዳው ጥቅም የለውም። ፓምፑን አጥፉ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃውን ጨርሱት። ከዚያ ገንዳው ጫፍ ላይ ያለውን፣ የመኪና ጎማ መንፊያ የመሰለውን ቫልቭ በጎሚስታ መለኪያ ለኩ። ፓምፑ የሚነሳው በ1.4 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ከሆነ አየሩ 1.2 ወይም 1.3 ይሁን። ጎሚስታው ይሞላላችኋል። ቫልቩን ስትጫኑ በአየር ፈንታ ውሃ ከወጣ ግን ከረጢቱ ተቀዷል፣ ይቀየር።

ማንም ውሃ ሳይጠቀም ሌሊት ብቻውን የሚነሳ ፓምፕ ካላችሁ ውሃ እያመለጠ ነው። ከፓምፑ ቀጥሎ ያለውን ሳራቺኔስካ ዝጉ። መነሳቱን ካቆመ የሚያፈሰው ቤቱ ነው። ካላቆመ ፓምፑ አጠገብ ያለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቼክ ቫልቭ ነው። ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ገንዳ ጠርጥሩ። የቀዘቀዘ ቡና ገንዳው ውስጥ ጨምሩበት፣ ሳትለቁት ከግማሽ ሰዓት በኋላ መቀመጫው ውስጥ ቀለሙ ከታየ ሌባው ተገኘ።

የቀሩትን በአጭሩ። ስል፣ የማያቋርጥ ፉጨት ከሆነ ኩሽኔታ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት) ነው፣ አምጡልን፣ ይቀየራል። እም ብሎ የማይዞር ከሆነ ወዲያውኑ አጥፉት። ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ሞቷል፣ ወይም ውሃ ጠፍቶ ለሳምንታት ሲቀመጥ ውስጡ ዝጎ ተጣብቋል። ምሽት ላይ መብራት ሲደክምም እንደዚያ ያደርጋል። 220 የሚፈልግ ሞተር 180 ሲደርሰው ያቃስታል፣ ይግላል፣ ስለዚህ ሮቶ የምትሞሉበትን ሰዓት ወደ ቀን አድርጉት።

ከእንግዲህ የሚጮህ ፓምፕ ሲኖራችሁ፣ ከመምጣታችን በፊት ድምፁን በስልካችሁ ቅረጹና በቴሌግራም ላኩልን። ሦስት ቅጂ ይበቃናል። አንዱ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ አንዱ በትንሹ ተከፍቶ፣ አንዱ ቧንቧው ሲዘጋና ፓምፑ ሲያቆም። ስልኩን ከፓምፑ አንድ ክንድ አርቃችሁ ያዙት፣ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይጥፋ። ፓምፑ የታሰረበትን ቦታ አንድ ፎቶ ጨምሩበት። ለማዳመጥ አናስከፍልም። በስልክ የሚፈታ ከሆነ በስልክ እንነግራችኋለን፣ ካልሆነ ዕቃችንን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የፓምፕ ተከላና ጥገና ባለሙያዎቻችሁ
ጎንደር