እናታችንን ላቆያችሁልን ሁሉ

የተከበራችሁ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና ወዳጆቻችን፤

እማዬ ላይ የደረሰውን፣ የጉበት ካንሰሩንና ቀዶ ሕክምናውን፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት ደግሜ አልዘረዝረውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጥቁር አንበሳ በእግሯ ወጥታለች። ቁስሏ ደርቋል፤ ምግብ ይስማማታል፤ ሌሊትም ትተኛለች። በየቀኑ እየደወላችሁ ስትጠይቁን እንባ እየቀደመኝ፣ አንዳችሁንም በቅጡ ሳላመሰግን ስልኩ ይዘጋል። በጽሑፍ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ሲስተርን ላመስግን። ስሟን እንዳልጽፍ ስላስማለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ፤ የአራዳ ሰው ማን እንደሆነች ያውቃታል። እማዬ ደም ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መኖሩን የነገረቻት እሷ ናት። ወረፋው በር ድረስ ሞልቶ ሳለ እማዬን አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳቻት። ይህ ቫይረስ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበትን ሊያጠጥር፣ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። ቴኖፎቪር የሚባለው ኪኒን በየቀኑ ከተዋጠ ቫይረሱ አንገቱን ይደፋል፤ ግን ኪኒኑ ብቻ አይበቃም፣ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መታየት ያስፈልጋል። «እማማ፣ ጉበት ቶሎ አመመኝ አይልም፤ ሄደን የምናየው እኛ ነን» ነበር ያለቻት። እማዬ ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ለመጣ ሰው ሁሉ ትደግማለች።

ሲስተር አንድ ደብተር አላት። ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ፣ ጠርዙ የተላላጠ ደብተር ነው። ስም፣ ስልክና አልትራሳውንድ የሚነሱበት ወር በእጇ ጽፋበታለች። ቀኑ ሲቃረብ ከራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ ትደውላለች። ማንም አላዘዛትም። ፒያሳ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ በየአቅጣጫው ስንበተን እኛ አራት ኪሎ ዘመድ ቤት ተጠጋን፤ በዚያ ግርግር የእማዬ ስልክ ጠፋ። ሲስተር ደውላ ስታጣት ዝም አላለችም። የእድሩን ጸሐፊ አፈላልጋ ጠየቀች፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ ጧፍ የሚሸጡትን እናት ጠየቀች፣ እያጠያየቀች በራችን ላይ መጣች። የጉበቷ እብጠት የታየው ከዚያ በኋላ በተነሣችው አልትራሳውንድ ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነበር። እማዬ አላመማትም፤ ክብደቷ አልቀነሰም፤ ዓይኗ ቢጫ አልሆነም። ሲስተር ባትፈልገን ኖሮ... ይህን ልጨርሰው አልችልም፤ ይቅር በሉኝ።

ስለ ሲስተር አንድ ነገር ልጨምር። እማዬ ቫይረሱ እንዳለባት ከሰማች ወዲህ ሲኒዋን ለይታ ነበር። ማንም ሳይነግራት፣ ለእኛ ብላ። ጎረቤት ቡና ሲጠራም «ጤና የለኝም» እያለች መቅረት ጀምራለች። አንድ እሑድ ሲስተር ልትጠይቃት መጣች፤ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ቶናው ሲቀዳ ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ የተለየችውን ሲኒ አወረደች፣ አስቀዳችባት፣ ሁሉም እያየ ጠጣች። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ አድርጋ ያስረዳችው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው እንጂ አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይደለም። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። በረካውን ሁላችንም ባገኘነው ሲኒ ጠጣን። ለእኔ ከቀዶ ሕክምናው እኩል ያዳናት ያ ቀን ነው።

ሲስተር ሆስፒታልም አልተለየችንም፤ የሥራ ቦታዋ ሳይሆን፣ በዕረፍት ቀኗ እየመጣች። ስታስል ስፌቱ እንዳይጎዳት ትራስ ሆዷ ላይ አቅፋ እንድትይዝ ያሳየቻት እሷ ናት። ሳንባዋ እንዲከፈት ፊኛ ገዝታ አምጥታ አስነፋቻት። ጸበል ልናመጣ ብንልም አልተቃወመችንም፤ «ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም አታቋርጪ» አለቻት። የንስሐ አባታችንም ቃል በቃል እንዲሁ ነው ያሉት። አባታችን፣ እርስዎንም እጅግ እናመሰግናለን። ሰው ከአዛኝነቱ የተነሣ ያመጣልንን የሥር መድኃኒት ግን ሲስተር በትሕትና መለሰችው፤ ጉበት የሚጎዳ ቅጠልና ሥር ብዙ ነው፣ የቆሰለ ጉበት ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አይችልም ብላ። ያመጣችሁልን ቅር አይበላችሁ፤ ፍቅራችሁን ተቀብለናል።

ዶክተራችን ሆይ፣ የሳሉልን ሥዕል አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። በላቦራቶሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ጉበትን ሥለው፣ በ8 ክፍል ከፍለው፣ የሚወጣውን በእስክሪብቶ አጠቆሩት። «የቀረውስ ይበቃታል?» ብዬ ስጠይቅ አልተቆጡኝም። ጤነኛ ጉበት እስከ ሁለት ሦስተኛው ቢወሰድ እንኳ የቀረው አድጎ ሥራውን እንደሚሸፍን ነገሩን። የተቆረጠው ክፍል በቦታው ተመልሶ አይበቅልም፤ የቀረው ነው በሳምንታት ውስጥ የሚወፍረው። ይህ በአይጦች ላይ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው አሉን። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በተነሣው ሲቲ ስካን ላይ የእማዬ ጉበት አድጎ ባየን ጊዜ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ሰመመን የሰጣችኋት፣ ሌሊቱን ያደራችሁ ነርሶች፣ ገላዋን ያጠባችኋት፣ አልጋዋን የገፋችሁ ሁሉ ዕድሜ ይስጣችሁ።

አጠገባችን ተኝተው የነበሩትን አባት ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የእሳቸው ጉበት በጠባሳ ጠጥሮ ስለነበር ቢቆረጥ የቀረው አያድግም ተባለ። ልጃቸው ያንን ሰምታ ከወጣች በኋላ በፔርሙስ የያዘችውን ሻይ መጀመሪያ የቀዳችው ለእኔ ነው። አባትሽን ነፍሳቸውን ይማርልን፣ እህቴ። ለእሳቸው ዓይነት ሕመምተኛ ምን አለ ብዬ ዶክተሩን ጠይቄ ነበር። ቀዶ ሕክምና ለማይቻልላቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ሶራፌኒብ የሚባል ኪኒን መጣ፤ በ2020 ደግሞ አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ ከሶራፌኒብ የበለጠ ዕድሜ እንደሚያስረዝሙ ታየ። ጉበቱ ፈጽሞ ለደከመ ሰው አሜሪካ ውስጥ በ2024 የጉበት ሴሎችን ሊምፍ ኖድ በሚባለው የሰውነት ዕጢ ውስጥ አስገብቶ እዚያ ትንሽ ጉበት እንዲበቅል የማድረግ ሙከራ በሰው ላይ ተጀምሯል። ገና ሙከራ ነው። ቢሆንም ሌሊት ኮሪደር ላይ ቁጭ ላለ አስታማሚ ይህን መስማት ብርታት ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ኩላሊት መንቀል መትከል ሲጀምር እንደተደሰትነው፣ ለጉበትም እንዲሁ የምንደሰትበትን ቀን ያሳየን።

የማያውቁንንም ማመስገን ይገባናል። ቫይረሱን ላገኘውና እ.ኤ.አ. በ1976 ኖቤል ለተሸለመው ለባሩክ ብሉምበርግ፤ በ1984 ሕፃናትን መከተብ ጀምረው የልጆች የጉበት ካንሰር እንደሚቀንስ ለዓለም ላሳዩት ለታይዋን ሰዎች። አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይህን ክትባት ለሕፃናት በሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ ትሰጣለች። የእኔ ልጅ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የተከተበው ይኸው ነው። ጤና ጣቢያ አቅፌው ስገባ ካንሰር እየተከላከልኩለት መሆኑን አላውቅም ነበር። እኛ የእማዬ ልጆች ሁላችን ተመርምረን ነፃ ሆነን ተገኘንና ክትባቱን ጀምረናል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ቫይረሱ ያለባቸው ሁሉ፣ እባካችሁ ተመርመሩ።

እድርተኞች፣ ማኅበርተኞች፣ ሰፈር ፈርሶ ከሩቅ በሁለት ታክሲ እየተሳፈራችሁ ምሳ ያመላለሳችሁልን፣ ደም የሰጣችሁ ወጣቶች፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የላካችሁ፣ በየገዳሙ ያስጸለያችሁ፣ በየመስጊዱ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ስማችሁን ያላነሣሁት ብዙ ናችሁ፤ በዚያን ሰሞን ማን እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳመጣ ለመያዝ ልብ አልነበረንም። ኬክ በላስቲክ ሳጥን ትተውልን ስማቸውን ለበር ጠባቂው ሳይናገሩ የሄዱትንም እስከ ዛሬ አላገኘናቸውም፤ ሳጥኑ ታጥቦ ቤት ተቀምጧል፣ መጥተው ይውሰዱ።

ካንሰሩ መልሶ ሊመጣ ስለሚችል እማዬ ኪኒኗንም ክትትሏንም አታቋርጥም፤ ቀጠሮዋ ሲስተር ደብተር ላይ ሰፍሯል። የፊታችን 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ አራት ኪሎ ቤታችን ጸበል ጻድቅ አዘጋጅተናል። ያነሣኋችሁም ያላነሣኋችሁም፣ ሳትጠሩ እንደመጣችሁልን ሁሉ አሁን ተጠርታችኋልና ኑልን።

ታላቋ ልጅ፣ በወንድሞቼና በእህቴ ስም