ጉም የያዘው የሞተርሆም መስታወት በትራፓኖ አይበሳም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሁለት መስታወቶች መካከል ጉም የያዘውን የሞተርሆም፣ ማለትም የመኖሪያ መኪና፣ መስኮት ስለ ማደስ በጋዜጣችሁ የምክር ዓምድ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። መኖሪያውን በመኪና ላይ ያደረገ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚገጥመው ችግር በመሆኑ ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ መስታወቱን ከላይና ከታች በቀጭን ትራፓኖ በስቶ፣ ውስጡን አጥቦና አድርቆ መልሶ መድፈን ይቻላል ሲሉ የሰጡት ምክር፣ በአብዛኛው የሞተርሆም መስታወት ላይ ከተሞከረ መስኮቱን ከነጭራሹ የሚያሳጣ፣ የሠራተኛውንም ዓይንና እጅ ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ስለዚህ አንባቢዎች ትራፓኖ ከማንሣታቸው በፊት በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሞተርሆም የመኖሪያ ክፍል መስኮት ከመስታወት የተሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቴምፐርድ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከጋለ በኋላ ኃይለኛ አየር እየተነፋበት በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ላዩ ቀድሞ ሲጠጥር መሀሉ ዘግይቶ ስለሚኮማተር፣ የውጭው ገጽ እንደ ተጨመቀ፣ መሀሉም እንደ ተወጠረ ይቀራል። የተጨመቀው ክፍል በየጎኑ ከጠቅላላው ውፍረት አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስታወት ላይ የትራፓኖው ጫፍ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ብቻ አልፎ እንደ ገባ የተወጠረውን መሀል ይነካል፤ ያን ጊዜ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተፈርክሶ ይረግፋል። በፋብሪካም ቢሆን ቀዳዳ የሚያስፈልገው ቴምፐርድ መስታወት አስቀድሞ ተቆርጦና ተበስቶ ነው ወደ ምድጃ የሚገባው። በአንዱ ማዕዘን ላይ የታተመ ትንሽ የደኅንነት ምልክት ብዙ ጊዜ ዓይነቱን ያመለክታል፤ ምልክቱ ባይታይም እንኳ ቴምፐርድ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል።

ጸሐፊው ይህን ምክር ከየት እንዳገኙት መገመት አያዳግትም። በአውሮፓ የሚሠሩ ብዙ ሞተርሆሞችና በመኪና የሚጎተቱ ካራቫኖች መስኮታቸው መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ ከሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠሩ፣ በጠርዛቸው የተጣበቁ ሁለት ንጣፎች ናቸው። አክሪሊክ በተፈጥሮው ጥቂት እርጥበት ስለሚያሳልፍ በብርድ ጊዜ በመካከላቸው ትንሽ ላብ መታየቱ የብልሽት ምልክት ላይሆን ይችላል። ከእነዚህ መስኮቶች ብዙዎቹ በውስጠኛው ንጣፍ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ውታፍ አለቻቸው፤ ውታፏን ነቅሎ መስኮቱን ደረቅና ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ለቀናት ማቆየትና እርጥበቱ ሲወጣ መልሶ መወተፍ የታወቀ መፍትሔ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ የሚለው ሐሳብ ለአክሪሊክ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ወደ መስታወት መሻገሩ ነው። ሁለቱን በጣት ጥፍር በማንኳኳት ብቻ መለየት ይቻላል፤ አክሪሊክ ድምፁ የታፈነ ሲሆን መስታወት ይጮኻል። በነገራችን ላይ አክሪሊክን በአልኮልም ሆነ በማንኛውም ማሟሟያ ማጽዳት የማይጠፋ የቀጫጭን ስንጥቆች መረብ ያስቀርበታል፤ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል።

ወደ መስታወቱ ስመለስ፣ ከሁሉ በፊት ጉሙ የት እንዳለ ማወቅ ይገባል። ሰዎች በተኙበት መኪና ውስጥ በብርድ ሌሊት የመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላብ ቢይዝ ከትንፋሽና ከማብሰያ የወጣ እርጥበት ነው፤ በጨርቅ ሲጠረግ ይለቃል፣ የጣሪያው መተንፈሻ ሲከፈትም ይቀንሳል። ከውስጥም ከውጭም ተጠርጎ የማይለቅ ከሆነ ግን እርጥበቱ ያለው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ነው። መጀመሪያ ላይ ጠዋት ታይቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ይጠፋል፤ ብዙ ሰው በዚህ ተዘናግቶ ነው ነገሩን እስከ መጨረሻው የሚተወው።

ድርብ መስታወት የሚሠራው ሁለቱን መስታወቶች በዙሪያቸው በቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ በማራራቅ ነው። የዘንጉ ሁለት ጎኖች ቡቲል በሚባል ጥቁር ተለጣፊ ማሸጊያ ከመስታወቶቹ ጋር ይያያዛሉ፤ ከእሱ ውጭ ደግሞ እንደ ፖሊሰልፋይድ ያለ ሁለተኛ ማሸጊያ ይሞላል። ቡቲሉ የውሃ ተን እንዳይገባ ይከላከላል፣ ሁለተኛው ደግሞ መስታወቶቹን አጥብቆ ይይዛል። ዘንጉ ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ዚዮላይት በሚባሉ እርጥበት መጣጭ ጥቃቅን እንክብሎች ይሞላል፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጡት እንክብሎች ቀዳዳቸው 3 አንግስትሮም ያህል (አንዱ አንግስትሮም የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) በመሆኑ ውሃን እየሳቡ ናይትሮጅንንና አርጎንን ውጭ ያስቀራሉ። ማሸጊያው ምንም ያህል ቢጠነክር በዓመታት ውስጥ ጥቂት ተን ማሳለፉ አይቀርም፤ ያን ጥቂት ተን ይዘው የሚያስቀሩት እነዚህ እንክብሎች ናቸው። ጉም መታየት ሲጀምር እንክብሎቹ ጠግበዋል፣ ተኑም ከሚችሉት በላይ እየገባ ነው ማለት ነው።

በሕንፃ ላይ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ድርብ መስታወት በመኪና ላይ ቶሎ የሚበላሽበት በቂ ምክንያት አለ። መንገዱ ሁሉ ንዝረት ነው፤ የመኪናው አካልም በየጉድጓዱ ጥቂት ይጣመማል፣ መስኮቱም አብሮ ይጎተታል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ የሆነው የአየር ግፊት በ2000 ሜትር ከፍታ ወደ 80 ገደማ ይወርዳል፤ በመስታወቶቹ መካከል የታሸገው አየር ግን ከተሠራበት ቦታ ግፊት ጋር ስለሚጓዝ፣ አቀበት በተወጣ ቁጥር መስታወቶቹ ወደ ውጭ ይነፋሉ፣ ቁልቁለት ሲወረድም ይመለሳሉ፤ ማሸጊያውም አብሮ ይለጠጣል፣ ይጨመቃል።

እኔ በመስታወት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስሆን፣ ከንዝረቱም ከከፍታውም ይልቅ የምወቅሰው በክፈፉ የታችኛው ቦይ ውስጥ የሚቋጠረውን ውሃ ነው። ጉም የያዘ መስኮት ሲፈታ የሚታየው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በቦዩ ውስጥ የረጋ ጥቁር ጭቃ፣ የቅጠል ብስባሽና የማጠቢያ ሳሙና ዝቃጭ ይገኛል፤ ከጭቃው በላይ ያለው ማሸጊያ በጣት ሲነካ ከመስታወቱ እየተላቀቀ ይመጣል፤ ዘንጉም ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይዟል። የላይኛው ጠርዝ ግን ገና ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ምክንያቱ በክፈፉ ግርጌ ወደ ውጭ የሚከፈቱት ትንንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በአቧራና በመኪና ሰም መደፈናቸው ነው። የዝናብና የእጥበት ውሃ በመስታወቱ ጠርዝ ባለው ጎማ ሥር ሾልኮ መግባቱ የሚጠበቅ ነው፤ መውጫ ሲያጣ ግን ማሸጊያው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይከርማል። እነዚህን ቀዳዳዎች በለስላሳ የናይሎን ክር መጥረግ ማንኛውም ባለ ሞተርሆም ሊሠራው የሚችለው ሥራ ሲሆን፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን አንድም ጊዜ አልተነሣም።

እንግዲህ መስታወቱን መበሳት ቢቻል እንኳ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ውስጡ ቢደርቅም የተላቀቀው ማሸጊያ እንደ ተላቀቀ፣ የጠገቡት እንክብሎችም እንደ ጠገቡ ስለሚቀሩ በሚቀጥለው የብርድ ወቅት ጉሙ ይመለሳል።

ጉሙ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ደግሞ መስታወቱ ራሱ ይበላል። በገጹ ላይ የቆየ ውሃ የመስታወቱን ሶዲየም እያሟሟ ስለሚያወጣ ቀስ በቀስ አልካሊ ይሆንና የመስታወቱን ዋና ንጥረ ነገር ሲሊካን ማጥቃት ይጀምራል፤ የፈሰሰ ወተት የደረቀበት የሚመስለው ነጭ እድፍ ከዚህ የመጣ ነው። አቼቶ የማዕድን ቅሪትን ያነሣል፣ የተበላውን ገጽ ግን አይመልስም። ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል የመስታወት መወልወያ ዱቄት መወልወል ቀላሉን እድፍ ያስለቅቃል፤ ጥልቁን ለማስለቀቅ ሲባል ብዙ ከተፋቀ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ ይዛባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው አሮጌዎቹን መስታወቶች በቀጭን ሽቦ ለያይቶ፣ የቀድሞውን ቡቲል በምላጭ ፍቆና አጽድቶ፣ እርጥበት መጣጩን በውስጡ በያዘ አዲስ ማራራቂያ መልሶ ማጣበቅ ነው። ይህ የሚያዋጣው መስታወቱ ገና ካልተበላ ብቻ ነው፤ ሥራውም በደረቅ አየር መሠራት አለበት፤ ማራራቂያው ከታሸገበት ከረጢት የሚወጣው በመጨረሻው ደቂቃ ነው፤ ክፍት ሆኖ ካደረ ገና ሳይገጠም እርጥበት ይጠግባልና። ሁለተኛው፣ እኔም የምመርጠው፣ ክፈፉን ይዞ አዲስ ድርብ መስታወት ማሠራት ነው። መስኮቱን መፍታት፣ ማጽዳትና መልሶ መግጠም በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ድካም ስለ ሆነ፣ ያን ያህል ተለፍቶ አሮጌ መስታወት መመለስ አያስደስተኝም። አንዳንድ ሻጮች ክፈፉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሙሉ መስኮት ካልተቀየረ አይሆንም ይላሉ፤ ክፈፉ ካልተጣመመና ካልተሰነጠቀ በስተቀር ይህ አያስኬድም።

ቴምፐርድ መስታወት ከተሠራ በኋላ ስለማይቆረጥ ልኩ መጀመሪያውኑ መስተካከል አለበት። ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትሮ መለካት በቂ አይደለም፤ የማዕዘኖቹ ክብነት በወፍራም ወረቀት ላይ ተነድፎ ለመስታወት ሠሪው ይሰጣል፤ የድርቡ ጠቅላላ ውፍረትም ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ይለካል፤ የክፈፉ ቦይ ለአንድ ውፍረት ብቻ የተሠራ ነውና። የውጭው መስታወት ቀለም ያለው ከሆነ ቀለሙንና ጎኑን ማስታወቅም አይዘነጋም።

አወጣጡ ብዙ አያስቸግርም። በውስጥ በኩል ያለው ማቀፊያ ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ መስኮቱን ደግፎ ሲይዝ፣ ክፈፉን ከግድግዳው ያጣበቀው ቡቲል በፕላስቲክ መፋቂያ ይለቀቃል። ግድግዳው ባዶ በሆነበት በዚህ ጊዜ ከመስኮቱ ሥር ያለውን እንጨት በጣት መጫን ይገባል፤ ከለሰለሰ ውሃው ከመስታወቱ አልፎ ሄዷልና አስቀድሞ መጠገን አለበት። አዲሱ መስታወት በቀጥታ በክፈፉ ላይ ሳይሆን በትንንሽ የጎማ መደገፊያዎች ላይ ይቀመጣል፤ መደገፊያዎቹም የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን እንዳይዘጉ ይደረጋል። ሲደርቅ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን የድርቡን ማሸጊያ ስለሚጎዳ ከጠርዙ መራቅ አለበት፤ በክፈፉና በግድግዳው መካከልም የሚገባው አዲስ የቡቲል ቴፕ ነው። ብሎኖቹ የቀድሞዎቹ ወይም በርዝመት ከእነሱ ጋር እኩል የሆኑ ይሁኑ፤ ረዘም ያለ ብሎን የውጭውን ክፈፍ ሊበሳ ይችላል። አጠባበቁም በእጅ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ከጎን ወደ ተቃራኒው ጎን እየተሻገሩ ነው።

ጽሑፉ ሳያነሣው ያለፈው አንድ ጉዳይ አለ። በብዙ ሞተርሆሞች ከመስኮቶቹ አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱ፣ ቀይ እጀታ ያላቸው የአደጋ ጊዜ መውጫዎች ናቸው። የእነዚህ መስታወት ሲቀየር ማጠፊያቸውና መቆለፊያቸው በማሸጊያ እንዳይያዝ መጠንቀቅ፣ ሥራው ሲያልቅም አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በራሱ ጉልበት እስከ መጨረሻው ሊከፍታቸው እንደሚችል ሳይረጋገጥ መኪናውን ማንቀሳቀስ አይገባም።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ