ለዳታ ሃካቶን ቡድን ልጆች ወላጆች፦ ስለ ቅዳሜው ልምምድ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ዓርብ ይሰጣል፤ የስፖርት ቱታም ስለገባ አብራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ለዳታ ትንተና ሃካቶን፣ ማለትም ቡድኖች በአጭር ጊዜ መረጃ ተንትነው ለዳኞች ለሚያቀርቡበት ውድድር፣ ከሚለማመዱት 12 የ11ኛ ክፍል ልጆች 5ቱ ቀሩ። አልታመሙም። ሰኞ ጠርቼ ስጠይቃቸው አንገታቸውን ደፍተው «ቤት ከልክለውኝ ነው» አሉኝ። ልጅን መከልከል የወላጅ መብት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው በምክንያቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት «ፖሊሲ» የምትለዋ ቃል ናት። የፈቃድ ወረቀቱ «ለሕዝብ ፖሊሲ የሚጠቅም ትንተና» ስለሚል አንዳንዶቻችሁ «ልጆቻችንን ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡብን» ብላችኋል። ስጋታችሁ ይገባኛል። እኔም ልጆች አሉኝ። ነገር ግን እዚህ ላይ ፖሊሲ ማለት የእግረኛ ማቋረጫ የት ይቀባ፣ ውኃ በየትኛው ቀን ለየትኛው ሰፈር ይለቀቅ የሚል ውሳኔ ነው። ልጆቹ የማንንም ፓርቲ ስም አያነሱም። ማንንም አይከሱም። ይቆጥራሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ያገኙትን ለዳኞች ያስረዳሉ።

ከ3ቱ ቡድኖች አንዱን ላሳያችሁ። የመረጡት ጥያቄ የውኃ ፈረቃ ነው። 3 ሳምንት ሙሉ በ23 ቤቶች ውኃው መቼ እንደመጣና መቼ እንደሄደ መዘገቡ። አንዷ ልጅ ደብተሯን ከግቢያቸው ቧንቧ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቅላ ነበር የምትጽፈው፤ ገጾቹ ረጥበው ተጨማድደዋል። መረጃው ኤክሴል ውስጥ ሲገባ አንዱ ልጅ ያልተሞሉትን ቀኖች በሙሉ 0 ብሎ ሞላቸው። መምህሩ አስቆሙት። «ውኃ አልመጣም ማለትና ማንም አላየም ማለት አንድ ነው?» አሉት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ልጆቹ እንደገና ወደየቤቱ ሄደው ጠየቁ። ባዶውን ቀን ሮቶ ካለው ጎረቤት መዝገብ ጋር አመሳከሩት። ከባዶዎቹ ብዙዎቹ ውኃ የመጣባቸው ሌሊቶች ሆነው ተገኙ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይመጣል፣ ሳይነጋ ይሄዳል። ሮቶ ያለው ቤት ሰዉ እንደተኛ ይሞላለታል። ሮቶ የሌለው ጠዋት ጀሪካኑን ይዞ ወጥቶ ደረቅ ቧንቧ ያገኛል። በፈረቃው ሰሌዳ ሁለቱ ቤቶች እኩል ናቸው። ውኃው ግን እኩል አልደረሰም። እኔ እዚያው ሰፈር ስኖር ይህን አላስተዋልኩም። የ17 ዓመት ልጆች ናቸው ያገኙት። ይህ ነው እንግዲህ ፖለቲካ የተባለው።

«የቤታችን ጉዳይ አደባባይ ይወጣል» ያላችሁም አላችሁ። መዝገቡ ላይ የማንም ስም የለም። እያንዳንዱ ቤት በቁጥር ብቻ ነው የሚታወቀው።

ሁለተኛው ምክንያት የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። «ፈተናው ሃካቶን አይጠይቅም» ትላላችሁ። አይጠይቅም፤ ልክ ናችሁ። በ2014 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። እኔም በእነዚህ ቁጥሮች እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን እነዚያ ልጆች የወደቁት ሃካቶን ገብተው አይደለም። ስታቲስቲክስ ደግሞ ከሂሳብ ትምህርታቸው ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። በሚን (በአማካዩ) እና በሚዲያን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚገኘው) መካከል ያለውን ልዩነት ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አስረድተናቸዋል! የገባቸው ግን አንድ ቤት 19 ቀን ውኃ ሳያገኝ ቀርቶ የሁሉንም ቤት ሚን ሲያዛባባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልረሳውም።

ሌላም ነገር አለ። አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም ነው። ከእነዚህ 12 ልጆች አንዱም ያኔ አልተወለደም። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ዛሬ ስንት ነን ሲባል የሚጠቀሰው ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ የተሰላ ትንበያ ነው። 0ንና ባዶን የሚለይ ወጣት ለዚህ አገር ትርፍ ነገር አይመስለኝም።

«ጊዜያቸውን ይበላል» ለምትሉ፣ ልምምዱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ለጥናት ከሰዓቱ በሙሉ የእነሱ ነው። ክፍያ የለውም። ላፕቶፕ ግዙም አላልንም፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ክፍት ነው። «ደክመው ካላሸነፉስ?» ላላችሁኝም፣ ላያሸንፉ ይችላሉ። ሽልማት ቃል ገብቼላችሁ አላውቅም።

አሁንም ያልተዋጠላችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ኑና ከኋላ ወንበር ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ፖለቲካ የሚመስል አንዲት ቃል ከሰማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድም ቃል አልናገርም። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ጋር የተያያዘውን ወረቀት ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።

ደብተሯን ከቧንቧው አጠገብ የሰቀለችው ልጅ ከቀሩት 5ቱ አንዷ ናት። ቡድኑ እንዳይቸገር ብላ ደብተሯን በጓደኛዋ እጅ ልካዋለች። እኔ ቢሮ ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ስትመጣ እሰጣታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር