የመገኘት ፊርማ የስምምነት ፊርማ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የወላጆች ስብሰባ ላይ በር አካባቢ አንድ ወረቀት ይዞራል። ወላጅ ስሙንና የልጁን ክፍል ጽፎ ይፈርምና ይገባል። በብዙ ቦታ ይኸው ወረቀት ኋላ መዋጮ ከተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ጋር ይያያዛል። ወራት አልፈው «ይህን ያህል ለምን እንከፍላለን?» የሚል ወላጅ ሲመጣ «ፈርመሃል እኮ» ይባላል። የፈረመው ግን መምጣቱን ነው። የተቃወመውም፣ ሥራ ረፍዶበት በመሐል የወጣውም እንደተስማማ ተቆጥሮ ይቀራል።

ስለዚህ ወረቀቱ ሁለት ይሁን። የመጀመሪያው ራስጌ ላይ «ለመገኘት ብቻ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ይዙር፤ ውሳኔውና የገንዘቡ መጠን በፊደልም በአኃዝም ከላይ ይስፈርበት፤ የተስማማ ብቻ ይፈርምበት።

ድምፅ ሲባል ደግሞ ጭብጨባ አይደለም። ሰብሳቢው «ተስማምተናል?» ይላል፣ ከፊት የተቀመጡት ያጨበጭባሉ፣ ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ይመዘግባል። እጅ ተቆጥሮ የደገፈው፣ የተቃወመውና ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ቁጥር ይጻፍ፤ የተቃወሙት ምክንያትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። ቃለ ጉባኤው ሰው ሳይበተን ይነበብ። ባዶ የቀረ መስመር በሰረዝ ይዘጋ፤ ክፍት ቦታ በኋላ ቁጥር ለመጨመር ይመቻል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ስሌቱ ላይ ነው። የመጸዳጃ ቤት ጥገና በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ 240,000 ብር ወጣ እንበል፤ ተማሪው 800 ነው። ለ800 ሲካፈል 300 ብር ይደርሳል፤ ቀላል ይመስላል። ሦስት ልጅ ያላት የቀን ሠራተኛ እናት ግን 900 ብር ትጠየቃለች። በቤተሰብ ቢቆጠርና 560 ቤተሰብ ቢኖር፣ አቅም የሌላቸው 60ዎቹ ከመዋጮው ነፃ ቢደረጉ፣ የቀሩት 500 ቤተሰቦች ድርሻ 480 ብር ይሆናል። የእነዚያ 60 ቤተሰቦች ስም በጉባኤ አይነበብ። ዝርዝሩን ወላጅ መምህር ኅብረቱ ከክፍል ኃላፊ መምህራን ጋር ለብቻው ያጣራ፤ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ድሃ ተብሎ መጠራት የለበትም።

በዓይነት የሚሰጠውም ይመዝገብ። ሲሚንቶም ሆነ ቆርቆሮ ሲገባ ሞዴል 19 የተባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የተባለው የንብረት ወጪ ደረሰኝ ይቆረጥለት። አለዚያ ስንት ኩንታል ሥራ ላይ እንደዋለ፣ ስንት እንደተረፈ የሚያውቅ አይኖርም።

ጊዜውም ይታሰብበት። መዋጮን በምዝገባ ሰሞን ማንሳት ወላጅን ማስጨነቅ ነው፤ ልጁ ሳይመዘገብ እንዳይቀርበት ሲል ሁሉን እሺ ይላል። ሰኔ ላይ፣ ካርድ በሚሰጥበት ቀን፣ ወላጅ በብዛት ይመጣል። አጀንዳውና ፕሮፎርማው ከሳምንት በፊት በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በስብሰባው መጀመሪያ በቃል ይብራራ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍያ ነፃ አድርጎ ነበር። መዋጮ በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ያልፈረመ ወላጅ ልጅ ከምዝገባ ሊመለስ አይገባም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የመዋጮ ቃለ ጉባኤ ሲቀርብላችሁ ሁለቱ ወረቀቶች ተለይተው ካልተያያዙ አትቀበሉት፣ መልሱት።

የጋዜጣው አንባቢዎች