ሄድፎን ከመሸጣችሁ በፊት አሰሙን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ወጣቶች መብራት ስለሚያበራ ብቻ «የጌም» የተባለ ሄድፎን በውድ ሲገዙ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የወንድሜ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ሄድፎን ጀርባው ክፍት ነው፤ በወንፊት ብረት ብቻ የተሸፈነ። የድሮ ክራር ስሰማበት ጣት አውታሩን ሲለቅ፣ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲስብ ለየብቻ ይሰማኛል። ባሱ እንደ ሠርግ ቤት ስፒከር አይደልቅም፤ ያንን የሚፈልግ ሌላ ይግዛ።

ለጌምም ቢሆን ኮቴ ከግራ ይምጣ ከኋላ ለመለየት ካርቶኑ ላይ «7.1» (በዙሪያችን ሰባት ስፒከርና አንድ የባስ ስፒከር እንዳለ ያህል ያሰማል ማለት ነው) መጻፉ ግድ አይደለም። ጆሯችን ሁለት ነው፤ ጌሙ ራሱ ድምፁን ለሁለት ጆሮ አስልቶ ከላከ ይበቃል።

የእኔው ሴንሃይዘር ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ከፍ ያለ፣ 300 ኦም ስለሆነ ስልክ ብቻውን በቅጡ አይገፋውም፣ አነስተኛ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ድምፅም ወደ ውጭ ያወጣል፤ ባጃጅ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ይረብሻል። በእኛ ሙቀት ግን የከፋይ ትራሱ ከፕላስቲክ ቆዳ በብዙ ይሻላል፣ ጆሮ ላይ አይጣበቅም።

ነጋዴዎቻችን፣ እባካችሁ ደንበኛው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ጆሮው ላይ አድርጎ የሚወደውን ዘፈን እንዲሰማ ፍቀዱለት።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ